ከፈይ የለበሰው አምፕሊፋየር

ሰው ከዘመዱ ጋር በሠርግና በለቅሶ ብቻ በሚገናኝበት በዚህ ጊዜ፣ ጋሽ ነጎድጓድና የእህታቸው ልጅ የተገናኙት በአንድ ጠባብ የሕንፃ ደረጃ ላይ ነበር። እሳቸው አምፕሊፋየራቸውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው እያለከለኩ ይወጣሉ፤ እሷ ባዶ እጇን ትወርዳለች። አምፕሊፋየሩ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተሰፋበት ወይን ጠጅ ከፈይ ለብሷል። ልጅቱ ከላይ ሆና ስታያቸው ሕፃን ታቅፎ ወደ ሐኪም የሚሮጥ አያት መሰሏት ልቧ ክው አለ።

«ጋሼ! ማን ታመመ?»

«ይኼው ነዋ የታመመው» አሉ፣ ከፈዩን ገለጥ አድርገው የማሽኑን ግንባር እያሳዩዋት። «ታመመ ስልሽ ደግሞ የእግዜር በሽታ እንዳይመስልሽ። ሰው የሠራው ነው።»

«ሠሪውን እስክናውቅ ደረጃው ላይ እንዳይወድቅብዎ፤ በአንድ በኩል ልያዝልዎ።»

አብረው ወጡ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ጥገና ቤት ተዘግቷል፤ በሩ ላይ «ምሳ ወጥቻለሁ፣ እመለሳለሁ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ልጅቱ በሬዲዮ ጣቢያ የምትሠራ የድምፅ ባለሙያ ናት። ለጥገና የሰጠችውን ማይክሮፎን ልትወስድ መጥታ ይህንኑ ካርቶን አይታ ነበር የምትመለሰው። አሁን ግን ሁለቱም ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ አምፕሊፋየሩም እንደ ሦስተኛ ዘመድ በመሃላቸው ተቀመጠ።

ጋሽ ነጎድጓድ በሠርግና በምርቃት ላይ ሙዚቃ የሚያጫውቱ አንጋፋ ዲጄ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ታዳሚው ነው። ዕቃቸውን ዘርግተው ሲጨርሱ የሚክሰሩንም የአምፕሊፋየሩንም ማብሪያ አስቀድመው ይከፍቱና፣ መሬት ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ በጫማቸው ጫፍ ቀጭ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ከስፒከሮቹ «ድም!» የሚል ድምፅ ይወጣል። የአዳራሹ መስኮት ይንዘረዘራል፤ ሕፃናት ይንጫጫሉ፤ ጎረምሶች ያፏጫሉ። «ነጎድጓድ መጣ!» ይባላል። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ብድግ ያደርጋሉ። ሌላው ዲጄ በዘፈን ይከፍታል፤ እሳቸው በ«ድም» ይከፍታሉ።

«ታዲያ ማን ነው የሠራው?» አለች ልጅቱ።

«የእትዬሽ፣ የሚስቴ ወንድም! የገዛ አማቼ! ቀቢው!»

ቀቢው በአዘቦት ቀን ግድግዳ ቀለም ይቀባል፤ የሠርግ ቀን ግን ከጋሽ ነጎድጓድ ጋር ስፒከር ይሸከማል፣ ገመድ ይዘረጋል። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ጀምሮ አብሯቸው ነው። ልጅቱ ይህን ስለምታውቅ ቅንድቧን ሰቀለች።

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!» አሉ። «ባለፈው ሠርግ ሙሽሮቹ ለጭፈራ ሲነሡ ዞር ብል፣ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ተንበርክኮ እጁን ከከፈዩ ሥር አስገብቷል። ምን ታደርጋለህ ስለው ‹ምንም› አለኝ። ምንም የማያደርግ ሰው ይንበረከካል? ዘፈኑ ሳያልቅ ማሽኑ ድርግም! ሙሽሪት አንድ እግሯን እንዳነሣች ቀረች።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«በሰው ፊት አባረርኩታ! ‹ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ› አልኩት። እትዬሽ ይኼው ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን እንኳ በግድግዳው በኩል ነው የምትልክልኝ። ዛሬ አመሻሹ ላይ አማቴ ልጃቸውን ይዘው ለሽምግልና ይመጣሉ። እኔም ባዶ እጄን አልጠብቃቸውም። የጥገናው ባለሙያ ‹ሰው ነካክቶት ነው የተበላሸው› ይበለኝ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ እሱም በመንገዱ እኔም በመንገዴ። ሚስቴም…»

ሚስታቸው ምን እንደምታደርግ አያውቁም ነበር። ረቶ መክሰር የሚባል ነገር እንዳለ ልባቸው ያውቃል፤ ከዛሬው ሽምግልና የሚፈሩት መረታትን አልነበረም።

ልጅቱ እጇን ከፈዩ ላይ አሳርፋ ውፍረቱን በጣቶቿ ለካችው።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይኼን የሚለብሰው ሲሠራም ነው?»

«ሊሠራ ሲወጣ ነው እንጂ ተኝቶማ ለማን ይለብሳል! ሰው ሠርግ ሲሄድ ይለብሳል ወይስ ያወልቃል?»

«ለብሶ ይሄዳል። ጭፈራው ሲደምቅስ?»

«ሲደምቅ ምን?»

«ኮቱን አይጥልም?»

«ሰውማ ይሞቀዋል» አሉ ጋሽ ነጎድጓድ።

«ማሽኑም ይሞቀዋል፤ ያውም ከሰው በላይ።» ከፈዩን ከጎን ገለጠችው። «ይኼ የተሰነጣጠቀው ለጌጥ አይደለም፤ አፍንጫው ነው። ውስጥ ያለችው ማራገቢያ ቀዝቃዛውን አየር በዚህ ስባ፣ ሙቁን በዚያ ታስወጣለች። እርስዎ አፍንጫውን ይዘው ‹ዝፈን!› ይሉታል።»

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እንጂ ጠልቼው ነው? እትዬሽ ለወንበር ልብስ ብላ የሰፋችውን ከእጇ ነጥቄ ነው ያለበስኩት!»

«መች ጠሉት አልኩ? ፍቅር ነው የጎዳው። ለአቧራማ ሲተኛ ነው የሚሸፈነው፣ ያውም ከቀዘቀዘ በኋላ።»

«ከቀዘቀዘ በኋላ? እኔ እኮ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ትኩስ ትኩሱን ጠቅልዬ ነው ሣጥን የምቆልፍበት!»

«እሱንም ጠርጥሬ ነበር» አለች ልጅቱ፣ ሳቋን በጉሮሮዋ ይዛ።

የሚጠላውን ዕቃ የሚያበላሽ ሰው ሲነገረው ቶሎ ይገባዋል፤ የሚወደውን የሚያበላሽ ሰው ግን ነገሩን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ጋሽ ነጎድጓድም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ክርክር ሲያጠብቁ እንዲህ ነው ልማዳቸው።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ተምረሻል፤ አልክድሽም። ግን ድሮ ማሽን እንዲህ አይቅለሰለስም ነበር። የመጀመሪያው ቴፔ ከመኪና ላይ ወድቆ፣ ተነሥቶ ዘፍኗል። የዛሬው ዕቃ ነው የውሸት፤ ዓመት አይደፍንም።»

«ያ የመጀመሪያውስ ምን ይለብስ ነበር?»

«ምንም። ያኔ ድሃ ነበርን።»

መልሱ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳይወዱ ተከተሏት። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋባቸው፤ ልጅቱ ሌላ ጥያቄ አምጥታ ነበርና።

«ቀቢው ተንበርክኮ ሲያዩት፣ ከፈዩ ወደ ታች ወርዶ ነበር ወይስ ወደ ላይ ተገልቦ?»

«ወደ ላይ ገልቦ…» ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ። «ከኋላ በኩል ገልቦ፣ እንዳይወድቅ በቁራጭ እንጨት ደግፎት ነበር።»

«ሰው ሊገድል የመጣ መስኮት ይከፍታል?»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? አፍ የለውም? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር ያሉት እኮ…»

«በእርግጥ አልነገረዎትም?»

ነግሯቸዋል። አንድ የምርቃት ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር እየጋለ ነው፤ ብንገልጥለትስ?» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም በማይክሮፎኑ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ግድግዳህን ቀባ!» አሉት። ሕዝቡ ሳቀ። ቀቢውም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ማሽን ቃል ተናግሮ አያውቅም። የታላቅ እህቱ ባል ናቸው፤ ተከራክሮ አይረታቸው፣ ተቀይሞ አይተዋቸው። ምክር በሩ ሲዘጋበት በመስኮት ይገባል፤ በመስኮት የገባ ደግሞ ሌባ ይመስላል።

ይህን ለልጅቱ የነገሯት ዓይኗን ሳያዩ፣ የከፈዩን ዘርፍ እየጎነጎኑ ነበር።

የጥገናው ባለሙያ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣና በሩን ከፈተ። ጠረጴዛው በተፈታቱ ሬዲዮኖችና በሽቦ ቁርጥራጭ ተሞልቷል፤ በክንዱ ገፋ አድርጎ ለአምፕሊፋየሩ ቦታ አበጀ። ካቻቢቴውን አንሥቶ ክዳኑን ሲፈታ፣ ጋሽ ነጎድጓድ ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቅ ዘመድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ክዳኑ ተነሣ።

«ይኼ አምፕሊፋየር ነው ወይስ ፍራሽ?» አለ ባለሙያው።

የማሽኑ ሆድ በአቧራ ተሞልቷል። በአቧራው ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ ብናኝ ተነጥፏል፤ ከከፈዩ የረገፈ ነው። ማራገቢያዋ ክንፎቿ በዚሁ ብናኝ ተጠፍንገው ቆማለች። በአንድ ጥግ ደርቆ የሚያብረቀርቅ ነገር ታየ፤ ልጅቱ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ለስላሳ ነው። ጋሼ፣ ብርጭቆ እላዩ ላይ ያስቀምጣሉ?»

«ከፈዩ ስለማያንሸራትት…» አሉ ድምፃቸው እየከሳ።

«አልተቃጠለም ግን» አለ ባለሙያው፣ በመብራት እያየ። «ሙቀት ሲበዛበት ራሱን አጥፍቶ ተርፏል። ልጥረገውና ማራገቢያዋን ልቀይርለት።»

«ሰው ነካክቶታል?» አለች ልጅቱ፣ ለአጎቷ የከበደውን ጥያቄ ተሸክማላቸው።

«የትኛው ሰው? ብሎኑ እንኳ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ተፈቶ አያውቅም።»

ጋሽ ነጎድጓድ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ተመስገን!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ወደ ልጅቱ ዘንበል ብለው፣ «ተመስገን ያልኩት ስለ ማሽኑ እንዳይመስልሽ» አሏት። አመሻሹ ላይ የሚመጣውን ሽምግልና አሰቡ፤ አሁን ሲያስቡት አልከበዳቸውም።

ባለሙያው በብሩሽ ሲጠርግ፣ ልጅቱ ብረቱን በጋለበት መቀጥቀጥ መረጠች።

«ከተጀመረ አይቀር፣ ሚክሰሩ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ምን ያደርጓታል?»

«አበራታለሁ! የደስታ መብራት ናት። እሷ ካልበራች ሰው አይጨፍርም።»

«ማሽኑ ‹አልቻልኩም› የሚልባት ናት፣ ጋሼ። ከእሷ በላይ ሲገፉት ድምፁ ይሰነጣጠቃል፤ የተሰነጣጠቀው ድምፅ ደግሞ የስፒከሩን ሽቦ ያነደዋል። አዳራሹ ሰፍቶ ድምፅ ካነሰ ስፒከር ይጨመራል እንጂ ያው አንዱ አይገረፍም።»

«እኔ እኮ ስትበራ እነሱም እንደኛ የሞቃቸው ይመስለኝ ነበር።»

«ሞቋቸዋል፤ እሱማ ልክ ነዎት።»

ባለሙያው ብሩሹን እንደያዘ ሳቀ። ልጅቱ ስለ ገመድ ጠየቀቻቸው፤ እንደ ክር በክርናቸው ላይ አጥብቀው እንደሚጠቀልሉ፣ ከሶኬት ሲነቅሉም ገመዱን ይዘው እንደሚጎትቱ ሳያፍሩ ነገሯት። ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ መሆኑን፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ፣ ስለዚህ ሰፋ ባለ ክብ እንዲጠቀለል አሳየቻቸው። «ሲነቅሉ ደግሞ ጭንቅላቱን ይያዙ። ሰው ልጁን በፀጉሩ ጎትቶ ከአልጋ ያወርዳል?»

«እናትሽ እኔን እንደዚያ ነበር የምታወርደኝ» አሉ ጋሽ ነጎድጓድ።

አሁን ተግባብተዋል። ልጅቱም ለመጨረሻ ያቆየችውን አመጣች።

«ይኼኛው ያስቆጣዎታል። ያ ‹ድም› መቅረት አለበት።»

ጋሽ ነጎድጓድ ብድግ አሉ። «እሱንስ አልሰጥም! ከፈዩን ውሰጂ፣ ቀይዋን አጥፊ። ‹ድም› ግን ስሜ ነው!»

«ሁሉም ማሽን በአንዴ ሲነሣ ሚክሰሩ ገና ከእንቅልፉ ሲነቃ ያጉረመርማል። አምፕሊፋየሩ ያቺን ጉርምርምታ አግዝፎ ስፒከሩ ላይ ይወረውራታል፤ ስፒከሩ ውስጥ የሚርገበገበውም ወረቀት በአንዴ ተገፍቶ ይወጣል። ለእንግዳው ነጎድጓድ ነው፤ ለስፒከሩ ጥፊ ነው። በየሠርጉ በጥፊ ሥራ የሚያስጀምሩት ሠራተኛ ስንት ዓመት ያገለግልዎታል? እስኪ ከነዚህ በፊት የነበሩት ስፒከሮች የት ናቸው?»

ስፒከሮቹ ወረቀታቸው ተቀዶ፣ በጋሽ ነጎድጓድ ጓሮ የዶሮ ማደሪያ ሆነዋል።

«ታዲያ እንዴት ይከፈታል?»

«እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ቤቱ ይዘጋጃል፤ በሩ በመጨረሻ ይከፈታል። ሚክሰሩን ያስቀድሙ፣ ድምፁን እስከ ታች ዝቅ አድርገው። አምፕሊፋየሩን በመጨረሻ። እንግዳው ሲሄድ ደግሞ መጀመሪያ በሩን ነው የሚዘጉት፤ አምፕሊፋየሩ ቀድሞ ይጠፋል፣ ከዚያ የቀረው።»

«ገብቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «ግን ሰው በምን ያውቀኛል?»

ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸው የአንጋፋ ዲጄ ድምፅ አልነበረም። ልጅቱም መምህር መሆኗን ተወችው።

«እኔ የተመረቅኩ ቀን ትዝ ይልዎታል? አያቴ ጉልበቷን ታማ ከወንበሯ አልነሣም ብላ ነበር። እርስዎ ማንም የማያስታውሰውን፣ እሷ በልጅነቷ ትወደው የነበረውን ዘፈን ፈልገው ከፈቱላት። ተነሣች። ምርኩዟን ጥላ ተነሣች! ያን ቀን መብራት ተቋርጦ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ቴፕ ነበር የሚያጫውቱን። የት ነበረ ‹ድም› ያን ጊዜ?»

ጋሽ ነጎድጓድ ለእናታቸው ያንን ዘፈን የመረጡበትን ሰዓት አስታወሱ። «ከወንበሯ ስትነሣ አይተሻት ነበር?» አሉ። ባርኔጣቸውን ደፉ።

«ከፈዩን እዚሁ ተይው። መንገድ አለኝ።»

ቀቢው የአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር እየቀባ ነበር። ጋሽ ነጎድጓድ ሲደርሱ መሰላል ላይ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቷል። ጫማቸውን ለይቶ ቢያውቅም አልዞረም።

«ውረድ» አሉት።

«ቀለሙ ይደርቅብኛል፣ ጋሼ።»

«እኔም እዚህ ቆሜ ልደርቅ ነው። ውረድ ስልህ!»

ወረደ። ሮለሩን ባልዲው ውስጥ አስገብቶ፣ እጁን ልብሱ ላይ እየጠረገ ቆመ። ጋሽ ነጎድጓድ በመንገድ ላይ ያሰናዱት ንግግር ነበራቸው፤ አንዱም አልመጣላቸውም።

«ማሽኑ ድኗል» አሉ።

የቀቢው ፊት በራ። «እውነት? አልነደደም?»

ከዚያ ሁሉ ስድብ በኋላ፣ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ማሽኑ ደኅንነት ነበር። የጋሽ ነጎድጓድን ልብ የሰበረው ይኼ ነው።

«አልነደደም። አንተ ስለገለጥክለት ነው የቆየው። እኔ አፍንጫውን ስይዝ አንተ መስኮት ስትከፍት ኖረሃል። በሰው ፊት አዋረድኩህ፤ በሰው ፊት እክስሃለሁ። አሁን ግን ሰው ሳያይ ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ጋሼ! እኔም እኮ ጥፋት አለብኝ፤ መደበቅ አልነበረብኝም።»

«ብትናገርስ ሰምቼህ ነው?»

«እሱስ አይሰሙኝም ነበር» አለ ቀቢው። ሁለቱም ሳቁ፤ ጋሽ ነጎድጓድ አቅፈውት ደረታቸው ሁሉ ነጭ ቀለም ሆነ።

አመሻሹ ላይ አማታቸው ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ፣ ጋሽ ነጎድጓድና ቀቢው አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ገመድ በሰፊ ክብ ሲጠቀልሉ አገኟቸው። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው አንዴ አማቻቸውን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ።

«አስታርቂ ብላችሁ ጠርታችሁኝ፣ የማስታርቀው አጣሁ! የመጣሁበትን እግር ማን ይክሰኛል?»

«እኔ እክስዎታለሁ፣ እማማ» አለች የጋሽ ነጎድጓድ ሚስት ከውስጥ ወጥታ። ለባሏ ደግሞ ትራስ አምጥታ ከጀርባቸው አደረገችላቸውና፣ «ያ የወንበር ልብሴስ?» አለቻቸው። ከብዙ ዝምታ በኋላ ያነጋገረቻቸው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር፤ ጋሽ ነጎድጓድም እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ወቀሳ ሰምተው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ባለው ሥራቸው ያገኙትን ጥቅም የሚያውቃቸው ሁሉ ያወራዋል። ማሽኑ እየጠፋ ሙሽራ መሃል ሜዳ ላይ አያስቀርም። ገመድ በመሃል እየተቋረጠ ዘፋኝን ዲዳ አያደርግም። ስፒከር ለዶሮ መዳረጉ ቀርቷል። ቀይዋ መብራት ስለማትበራ የዘፈኑ ግጥም ይሰማል፤ ሽማግሌዎችም ጆሯቸውን ይዘው ወደ ደጅ መውጣት ትተዋል። ዕቃ እንደ ሰው ነው፤ አያያዙን ያወቀለት ብዙ ዘመን ያገለግለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ከእርቁ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሠርግ ዕለት ጋሽ ነጎድጓድ ሚክሰሩን አስቀድመው፣ አምፕሊፋየሩን በመጨረሻ ከፈቱ። ኮሽ አላለም። ከዚያ ማይክሮፎኑን አንሥተው፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቀቢውን ወደ መድረኩ ጠሩት። የዛሬው ድምፅ የሁለታቸውም ሥራ መሆኑን፣ ባለፈው ያጠፉትም እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ዘፈኑ ሲጀምር ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ጠየቁት።

«አንተ ምን ትላለህ?»

ቀቢው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም ነበር።

«ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት» አለ።

ጋሽ ነጎድጓድ ዝቅ አደረጉት።